ማረፊያ ያጣ ሌንስ፦ ለምዕራብ ሸዋ የሚስማማው የማሠሪያ ዘዴ የትኛው ነው?

መግቢያ

የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ወጪ የሰውን ሕይወት ከሚለውጡ ሕክምናዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ነው። ትናንት በልጅ እጅ ተመርቶ የመጣ አዛውንት በማግስቱ የዓይኑ መሸፈኛ ሲነሣለት የመራውን ልጅ ፊት ለይቶ ያያል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውራን መሆናቸውን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 49.9 በመቶው፣ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። የቀዶ ሕክምናውን ቁጥር ለማሳደግ የሚደረገው ጥረት ተገቢ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ሞራው ወጥቶላቸው ሌንስ ሳይገባላቸው በቀሩት ዓይኖች ላይ ነው። በቀዶ ሕክምናው መካከል የተፈጥሮ ሌንስ ከረጢት ሲቀደድ ወይም ከረጢቱን የሚይዙት ክሮች ሲበጠሱ ሰው ሠራሹ ሌንስ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ያን ጊዜ ሌንሱን በሌላ መንገድ ማሠር የግድ ይሆናል። ዘዴዎቹ ብዙ ናቸው፤ በየዓመቱም አዲስ ይጨመርባቸዋል። በመማሪያ ክፍሎቻችንና በጆርናሎች የሚነሣው ጥያቄ «ከሁሉ የሚሻለው የትኛው ነው?» የሚል ነው። በእኔ እምነት ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች ይህ ጥያቄ በትክክል አልቀረበም። ልንጠይቅ የሚገባን «ታካሚው ተመልሶ ላይመጣ በሚችልበት ቦታ፣ በእጃችን ባለው መሣሪያ፣ የትኛው ዘዴ ዓይኑን ሳይጎዳ ይሰነብታል?» ብለን ነው። ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ መልሱም ይለወጣል።

አንድ አጋጣሚ

የድኅረ ምረቃ ትምህርቴን ከመጀመሬ በፊት በዓይን ሕክምና ነርስነት በምሠራበት ጊዜ ከጄልዱ ወረዳ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ አጋጥመውኝ ነበር። የግራ ዓይናቸው ከዓመት በፊት በአንድ ዘመቻ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። በያዟት ካርድ ላይ «የኋላው ከረጢት ስለተቀደደ ሌንስ አልገባም፤ ወደ አዲስ አበባ ይላኩ» የሚል አንድ መስመር ተጽፏል። ወፍራም መነጽር ተሰጥቷቸው ነበር፤ መነጽሩን ግን በጨርቅ ጠቅልለው በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። ለምን እንደማያደርጉት ስጠይቃቸው፣ «ሳደርገው መሬቱ ወደ እኔ ይመጣል፤ አንዱ በሬ ሁለት ይሆንብኛል» አሉኝ።

መልሳቸው በኦፕቲክስ ትምህርት ከምንማረው ጋር አንድ ነው። ሌንስ ለሌለው ዓይን የሚታዘዘው መነጽር ብዙውን ጊዜ እስከ 10 ዳዮፕተር የሚደርስ ኃይል አለው፤ ምስሉንም ከእውነተኛው መጠን በሩብ ያህል ያገዝፈዋል። ሌላው ዓይን የራሱ ሌንስ ካለው አእምሮ ትልቁንና ትንሹን ምስል ማዋሐድ ይሳነዋል። ስለዚህ አንድ ዓይኑ ብቻ ሌንስ ላጣ ሰው ይህ መነጽር ከስም ያለፈ መፍትሔ አይደለም።

«ኦቦ፣ አዲስ አበባ ለምን አልሄዱም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እዚያ ማንን አውቃለሁ? ደግሞስ አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንቢ ያለ ዓይን ሁለተኛ ይሠራል እንዴ?» ብለው መለሱልኝ። ዓይናቸው ገና ሌንስ ሊገባበት እንደሚችል የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ከነበረም በሚገባቸው አነጋገር አልነገራቸውም። በዚያን ቀን ይበልጥ ያሳሰበኝ የቀኝ ዓይናቸው ነበር። ሞራው እየበሰለ ሄዷል፤ እርሳቸው ግን እንዲሠራላቸው አልፈቀዱም። «ከሰፈራችንም ሌላ ሰው አይመጣም፤ እኔን አይተዋል» አሉ።

አንድ አጋጣሚ የምርምር ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ሆኖም ሌንስ አልባ ሆኖ የቀረ አንድ ዓይን የሌላኛውን ዓይን፣ ምናልባትም የጎረቤትን ዓይን ሕክምና ሊያስቀር እንደሚችል ያመለክታል። ጉዳዩ የጥቂት ያልተሳኩ ቀዶ ሕክምናዎች ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በሕክምናው ላይ ያለው አመኔታ ጭምር ነው።

የሌንሱ ተፈጥሯዊ ማረፊያ

የተፈጥሮ ሌንስ ከአይሪስ ጀርባ በቀጭን ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። ከረጢቱ በዙሪያው ባሉ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ከዓይን ግድግዳ ጋር ተወጥሮ ተይዟል። በዘመናዊው ቀዶ ሕክምና የከረጢቱ የፊት ግድግዳ በክብ ተከፍቶ ሞራው ይወጣል፤ ሰው ሠራሹ ሌንስም በባዶው ከረጢት ውስጥ ይተካል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1949 በለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲያስገባ ሐሳቡን ያገኘው በጦርነቱ ጊዜ የተዋጊ አውሮፕላን መስታወት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ ከቀረ አብራሪዎች ነው፤ ፕላስቲኩ ዓይንን ብዙም አላስቆጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት የተገኘው ዋና ትምህርት ሌንሱ በተፈጥሮ ቦታው ሲያርፍ ዓይን በሰላም ተሸክሞት እንደሚኖር ነው።

ሌንሱ ወደ ድሃ አገሮች መንደር የደረሰው ግን ዋጋው ከወረደ በኋላ ነው። በደቡብ ህንድ ማዱራይ አውሮላብ እ.ኤ.አ. በ1992 ማምረት ጀመረ፤ በፍሬድ ሆሎውስ ስም የተቋቋመው ድርጅት ደግሞ በአስመራና በካትማንዱ ፋብሪካዎችን አቆመ። ከመቶ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ሌንስ ከአሥር ዶላር በታች ወረደ። ዛሬ በአገራችን የሚካሄዱት ዘመቻዎች የሚቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የረከሰውና በብዛት የተሰራጨው ከረጢቱ ጤነኛ ለሆነ ዓይን የሚውለው ሌንስ ነው። ከረጢት ላጣ ዓይን የሚውለው ሌንስና እርሱን የማሠር ክህሎት ያንኑ ያህል አልተሰራጩም።

ችግሩ በእኛ ዘንድ ለምን ይከብዳል?

ከረጢት መቀደድ በየትም አገር ያጋጥማል። በእኛ አካባቢ አደጋውን ከፍ የሚያደርጉ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው ስዩዶኤክስፎሊዬሽን የተባለው ሕመም ነው። በዚህ ሕመም አመድ የሚመስል ነጭ ቅንጣት በሌንሱ ገጽና በአይሪስ ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ ሌንሱን የሚይዙት ክሮች ይደክማሉ፤ ብሌንም በጠብታ መድኃኒት በሚገባ አይሰፋም። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለሞራ ቀዶ ሕክምና በተያዙ ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ከመቶው 39 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ከዓለም አቀፍ ልምድ ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ከፍተኛ ነው። ከሌላ አገር የተቀዳ የሥልጠና መጽሐፍ ይህን ሕመም እንደ ልዩ አጋጣሚ ሊያነሣው ይችላል፤ ለእኛ ሐኪም ግን የዕለት ሥራው ነው። የሕመሙ ጉዳት በቀዶ ሕክምናው ዕለት ብቻ አያበቃም። ሌንሱ በሰላም ገብቶ ከዓመታት በኋላ ክሮቹ ሲዳከሙ ሌንሱ ከነከረጢቱ ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛው የታካሚው ዘግይቶ መምጣት ነው። ከጌዶ ወይም ከጄልዱ ገጠር የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ሞራው ፈጽሞ ነጭ ወይም ቡናማ ሆኖ ከጠነከረ በኋላ ነው። የጠነከረ ሞራ ለማውጣት ይከብዳል፤ በከረጢቱና በክሮቹ ላይ የሚያርፈው ጫናም ከፍ ይላል።

ሦስተኛው የአካል ጉዳት ነው። የእንጨት ፍላጭ፣ የእሾህ፣ የአለንጋና የከብት ቀንድ ምት የሌንሱን ክሮች በከፊል ይበጥሳል። ጉዳቱ የሚደርሰው በአብዛኛው በልጆችና በወጣት ገበሬዎች ላይ ስለሆነ የምንመርጠው ማሠሪያ አርባና ሃምሳ ዓመት መቆየት ይኖርበታል። የሰባ ዓመት አዛውንትና የአሥራ አምስት ዓመት እረኛ ለአንድ ዓይነት ዘዴ እኩል አይስማሙም።

ዘዴዎቹና የሚጠይቁት ዋጋ

ከዘዴዎቹ ሁሉ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ቀላሉ መፍትሔ ነው። የኋላው ግድግዳ ተቀድዶ የፊተኛው ግድግዳ ዙሪያ ጤነኛ ከሆነ ሌንሱ ከአይሪስ ጀርባ፣ ከፊተኛው ግድግዳ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህ ተጨማሪ ማሠሪያ አይፈልግም፤ የሌንሱን ኃይል በመጠኑ መቀነስ ብቻ ይበቃል። የሚያስፈልገው ለዚያ ቦታ የተስማማ፣ እግሮቹ ቀጭንና ረዘም ያሉ ሌንስ ነው። እግሮቹ ወፍራም የሆኑት ባለ አንድ ወጥ ለስላሳ ሌንሶች በዚያ ቦታ አይሪስን እየፈተጉ ስለሚያቆስሉ አይመከሩም። በመሳቢያው ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ሌንስ ብቻ ከሆነ ግን ሐኪሙ ይህን ቀላል ዕድል እንኳ ያጣዋል።

ይህ በማይቻልበት ጊዜ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሌንሱን ከአይሪስ ፊት ለፊት፣ በዓይኑ የፊት ክፍል ማስቀመጥ ነው። ሥራው ፈጣን ነው፤ ብዙ ሐኪሞችም ያውቁታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበሩት ዝግ ቀለበት እግር ያላቸው የፊት ክፍል ሌንሶች ኮርኒያን በማበላሸታቸው ዘዴው ስሙ ጠፍቶ ነበር። ዛሬ ያሉት ክፍት እግር ያላቸው የተሻሉ ናቸው። ሆኖም መጠናቸው ከዓይኑ ስፋት ጋር ካልተመጠነ ወይ ይሽከረከራሉ፣ ወይ ጠርዙን ይጫናሉ። በአይሪስ ላይ ትንሽ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ካልተበጀ የዓይን ግፊት በድንገት ሊጨምር ይችላል። የኮርኒያን ጥራት የሚጠብቁት የውስጥ ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ ኮርኒያ የመተካት ሕክምና ደግሞ ከምዕራብ ሸዋ ሩቅ ነው። ስለዚህ ይህን ዘዴ ግላኮማ ለሌለባቸውና ኮርኒያቸው ጤነኛ ለሆነ አዛውንቶች መወሰን ተገቢ ይመስለኛል።

ሁለተኛው አይሪስን የሚቆነጥጠው ሌንስ ነው። ሆላንዳዊው ያን ቮርስት እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው ይህ ሌንስ በሁለት ጎኖቹ እንደ መቆንጠጫ የተሰነጠቁ ጥፍሮች አሉት፤ ጥፍሮቹ የአይሪስን ቲሹ ጥቂት ቆንጥጠው ይይዛሉ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ሌንሱን ገልብጦ ከአይሪስ ጀርባ ማሠር ተለምዷል፤ በዚህም ሌንሱ ከኮርኒያ ይርቃል። ስፌትም ሙጫም አይጠይቅም፤ የለመደ እጅ በአጭር ጊዜ ይሠራዋል።

የዚህ ሌንስ ዋና ነቀፌታ የማይታጠፍ ግትር ፕላስቲክ በመሆኑ ከ5 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ መግቢያ መፈለጉ ነው። በሁለትና በሦስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በፋኮ መሣሪያ ለሚሠራ ሐኪም ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። በአገራችን ዘመቻዎች የሚሠራበት በእጅ የሚከናወነው ቀዶ ሕክምና ግን አስቀድሞ ስድስትና ሰባት ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ ያለ ስፌት የሚዘጋ መግቢያ ያበጃል። ስለዚህ በሌላው ዓለም ጉድለት ተብሎ የተቆጠረው ነገር በእኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተጨማሪ ዋጋ የለውም። ዘዴዎችን ከሌላ አገር ጆርናል ሳንመረምር ስንቀዳ ጉድለቶቻቸውንም ከነአውዳቸው መቅዳታችን አንዱ ምሳሌ ይኸው ነው።

ሌንሱ ነቀፋ የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። በቂ አይሪስ ይፈልጋል፤ በጉዳት አይሪሱ ለተቀደደ ዓይን አይሆንም። በስዩዶኤክስፎሊዬሽን የሳሳ አይሪስ ጥፍሩን አጥብቆ ላይይዝ ይችላል። በኋላ ምት ቢያርፍበት አንዱ ጥፍር ሊላቀቅ ይችላል፤ ብሌንም ሞላላ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ሌንሱን ከዓይን ነጭ ግድግዳ፣ ከስክሌራ፣ ጋር ማሠር ነው። ማልብራንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 በስፌት ማሠርን አስተዋወቁ። ለዓመታት የሚሠራበት ከፀጉር የቀጠነ ባለ 10-0 ፖሊፕሮፒሊን ክር ነበር። ጊዜ ሲሄድ ይህ ክር በዓይን ውስጥ እንደሚያረጅና እንደሚበጠስ ታወቀ፤ ወጣቶች ረጅም ዕድሜ ስለሚጠብቃቸው ጉዳቱ በእነርሱ ላይ ይጸናል። በዚህም ወፍራም ክር፣ በተለይም ጎርቴክስ፣ መተካት ጀመረ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስፌትን ጨርሶ የሚያስቀሩ ዘዴዎች መጡ። ጋቦርና ፓቭሊዲስ የሌንሱን እግር በስክሌራ ውስጥ በተበጀ ዋሻ አስገቡ፤ የህንዱ አጋርዋል በሙጫ አጣበቀ። ጃፓናዊው ሺን ያማኔ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጽሑፍ ሁለት ቀጭን ግድግዳ ያላቸው ባለ 30 ጌጅ መርፌዎች በስክሌራ ውስጥ አሳልፎ የሌንሱን እግሮች በመርፌዎቹ ቀዳዳ ካወጣ በኋላ ጫፋቸውን በሙቀት አቅልጦ እንደ ምስማር ራስ እንዲያብጥ አደረገ። ያበጠው ጫፍ በግድግዳው ውስጥ ተሸጉጦ ሌንሱን ይይዛል። ብራዚላዊው ካናብራቫ ደግሞ ይህንኑ የማቅለጥ ሐሳብ በወፍራም ፖሊፕሮፒሊን ክር ላይ አዋለው።

ያማኔ የፈለሰፈው ዘዴ በእውነት ብልህ ነው፤ ወጣት ሐኪሞቻችን በቪዲዮ እያዩ ቢማረኩበት አያስደንቅም። የሚጠይቀው ግን ብዙ ነው፦ እግሮቹ የማይሰበሩ ባለ ሦስት ክፍል ሌንስ፣ የተለየ መርፌ፣ የቪትሪየስ መቁረጫ መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ በተደጋጋሚ የሠለጠነ እጅ። መርፌዎቹ የሚገቡበት ማዕዘን በጥቂቱ ቢዛባ ሌንሱ ይጋደላል። ጫፉ ከስክሌራ ወጥቶ በላይኛው ሽፋን ሥር ቢጋለጥ ከውጭ ወደ ዓይን ውስጥ የተከፈተ የጀርም መንገድ ይሆናል። ይህ የሚታወቀው ደግሞ በክትትል ብቻ ነው።

የዘዴ ውድድር ወይስ የአገልግሎት ጥያቄ?

የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ከዚያም በ2020 ባወጣቸው ሁለት የማስረጃ ግምገማዎች ከረጢት ለሌለው ዓይን ከቀረቡት ዘዴዎች አንዱ ከሌላው ግልጽ ብልጫ እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። በሁለቱ መካከል 17 ዓመታት አልፈዋል፤ አዳዲስ ዘዴዎችም መጥተዋል፤ መደምደሚያው ግን አልተለወጠም። ይህን ውጤት ብዙዎች እንደ ጉድለት ያነቡታል፤ እኔ ግን እንደ ነፃነት አነበዋለሁ። ዘዴዎቹ በጥሩ እጅ ተቀራራቢ ውጤት ካላቸው ምርጫው በየቦታው ባለው ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የእኛ ሁኔታ ምንድን ነው? የቪትሪየስና የሬቲና ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው በአዲስ አበባ ተወስኗል። አምቦ ከዋና ከተማዋ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙ አትርቅም፤ በካርታ ላይ ቅርብ ናት። ከጎጆ ወይም ከጌዶ ገጠር ለሚነሣ ገበሬ ግን ርቀቱ የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። የሚያስጠጋው ዘመድ፣ አብሮት የሚሄድ ልጅ፣ የአዳርና የምግብ ወጪ፣ በአጨዳ ሰሞን የሚባክን ቀን፣ በሆስፒታል በር ላይ የሚያናግረው ሰው ቋንቋ፣ ይህ ሁሉ የርቀቱ አካል ነው። «ወደ አዲስ አበባ ይላኩ» የሚለው መስመር ለሐኪሙ የሥራው መፈጸሚያ፣ ለታካሚው ግን ብዙ ጊዜ የሕክምናው ማብቂያ ይሆናል።

የቁጥር አያያዛችንም ችግሩን ይሸፍነዋል። የዘመቻ ሪፖርት የሚቆጥረው የተሠሩትን ዓይኖች ነው፤ ያለ ሌንስ የቀረውም ዓይን «ተሠርቷል» ተብሎ ከድምሩ ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደካማ ውጤት ያላቸው ዓይኖች ከ5 በመቶ እንዳይበልጡ ይመክራል። ይህን ለማወቅ ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የእይታ መጠን መለካትና መመዝገብ፣ ሌንስ አልባ ዓይኖችንም በተለየ መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «ብዙ ሺህ ሰው ገና ለመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ወረፋ እየጠበቀ ለጥቂቶች ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ሆኖም ከጄልዱ የመጡት አዛውንት እንዳሳዩን፣ ያልተሳካው ዓይን የተሳካውን ያህል በመንደር ይወራል። ወረፋው ረጅም የሆነው የሐኪምና የመሣሪያ እጥረት ስላለ ብቻ አይደለም፤ ሰው በፍርሃት ስለሚዘገይም ነው። ዘግይቶ የመጣ ሞራ ደግሞ ይበልጥ ጠንክሮ ይመጣል፤ ከረጢት የመቅደድ ዕድሉም ይጨምራል። ዙሩን የምናቋርጠው ያልተሳካውን ዓይን ሳንጥል ስንቀር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለገጠር ቀላሉን፣ ለከተማ ዘመናዊውን ማለት ሁለት ደረጃ ሕክምና መፍጠር ነው» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ የፍትሕ ጥያቄ ስለሆነ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። መልሴ ግን እንዲህ ነው፦ ዘዴ ደረጃ የሚያገኘው በአዲስነቱ ሳይሆን በታካሚው ዓይን ውስጥ ከአሥር ዓመት በኋላ በሚሰጠው ውጤት ነው። ክትትል በሌለበት የተሠራ ዘመናዊ ማሠሪያ ታካሚውን ከጥቅሙ ይልቅ ለአደጋው ያጋልጠዋል። ፍትሕ የጎደለው አሠራር ታካሚውን ያለ አንዳች ሌንስ በወፍራም መነጽር መሸኘቱ ነው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ዝግጅቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጀመር አለበት። እያንዳንዱ ታካሚ ብሌኑ ሰፍቶ በስሊት ላምፕ ሲመረመር የስዩዶኤክስፎሊዬሽን ምልክት፣ የሌንስ መንቀጥቀጥና የቀድሞ ምት ታሪክ ተፈልጎ በካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፍ። ምልክቱ የታየበት ዓይን በቀኑ ዝርዝር መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ሲደክም ሳይሆን፣ በመጀመሪያ ላይ በልምድ የበለጸገው እጅ ይሥራው።

ሁለተኛ፣ የሞራ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ማንኛውም ክፍል፣ ዘመቻም ቢሆን፣ ለመጠባበቂያ የሚሆኑ ሌንሶች ሳይዝ ሥራ አይጀምር። ከከረጢቱ ፊት ለማሳረፍ የሚስማማው፣ በተለያየ መጠን የፊት ክፍል ሌንሶች፣ አይሪስ የሚቆነጥጠውም በአንድ ሣጥን ይቀመጡ። ከመደበኛው ሌንስ ጋር ሲነጻጸር የሚፈለገው ብዛት ጥቂት ስለሆነ ወጪው የሚያስፈራ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ሥልጠናው በደረጃ ይከፈል። በዞን ደረጃ ያሉ ሐኪሞች አንድ ዘዴ፣ በእኔ አስተያየት ከአይሪስ ጀርባ የሚቆነጥጠውን፣ በሚገባ ይልመዱ፤ አምስት ዘዴ በጨረፍታ ከማወቅ አንዱን አጥብቆ መያዝ ይበልጣል። ልጆች፣ ወጣቶችና አይሪሳቸው የተጎዳ ታካሚዎች ግን የስክሌራ ማሠሪያ ወደሚሠራበት ሪፈራል ማዕከል ይላኩ። ለእነርሱም በቀላሉ የሚበጠሰው ቀጭን ክር አይመረጥ።

አራተኛ፣ ከመላክ ይልቅ ማምጣት ይታሰብ። ሌንስ አልባ ዓይኖች በመዝገብ ከተያዙ፣ የቤተሰብ ስልክና የቀበሌ ስም ከተመዘገበ፣ በዓመት ጥቂት ቀናት አንድ የሠለጠነ ሐኪም ወደ አምቦ መጥቶ የተጠራቀሙትን ሊሠራ ይችላል። የአንድ ሐኪም የመቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ የሃያ ገበሬዎችን የአዲስ አበባ ጉዞ ያስቀራል። የጉዞው ጊዜ ከእርሻ ሥራ ጋር እንዳይጋጭ ቢደረግ ደግሞ የበለጠ ሰው ይመጣል።

አምስተኛ፣ ለታካሚው በሚናገረው ቋንቋ፣ በእኛ ዞን በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ፣ ግልጽ ማብራሪያ ይሰጠው። «ዓይንዎ አልጠፋም፤ ሌንሱ ገና ይገባል፤ ቀኑ ይህ ነው» የሚሉት ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ከማንኛውም መሣሪያ ይረክሳሉ።

ማጠቃለያ

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ብዙ ሥራ አለ። በዞናችን ሌንስ ሳይገባላቸው የቀሩት ዓይኖች ስንት እንደሆኑ፣ ከተላኩት ስንቱ እንደደረሱ፣ ያልደረሱት ለምን እንደቀሩ፣ አይሪስ የሚቆነጥጠው ሌንስ በስዩዶኤክስፎሊዬሽን በተጠቃ የኢትዮጵያውያን ዓይን ውስጥ ለምን ያህል ዓመት እንደሚጸና መመርመር ይቻላል። እነዚህ ጥያቄዎች ውድ ላቦራቶሪ አይጠይቁም፤ መዝገብ፣ ስልክና ትዕግሥት ይጠይቃሉ። እኔ ያቀረብኩት የዘዴ ምርጫ በእንዲህ ያለ ጥናት ቢሻር ቅር አልሰኝም፤ ያለ ጥናት እንዳለ ቢቀጥል ግን ቅር ይለኛል።

ከጄልዱ የመጡት አዛውንት «አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንቢ ያለ ዓይን ሁለተኛ ይሠራል እንዴ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የሕክምናው ሳይንስ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ «አዎን፣ ይሠራል» የሚል መልስ አዘጋጅቷል። መልሱ አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪና ጌዶ ድረስ እንዲዘልቅ ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።